ማን ይመዘግባል፣ ማን ይወስናል? ሴቶችና የድርጅት ሶፍትዌር ሙያ ከራያ ቆላ ሲታይ

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት ጎብዬን አልፎ ሮቢት ይደርሳል። ሮቢት የማሽላ፣ የጤፍና የሽንኩርት አገር ናት፤ የሶፍትዌር ኩባንያ የላትም። ሶፍትዌሩ ግን ከገባ ሰነባብቷል። የመምህሩ ደመወዝ የሚወራረደው በወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ነው። ሽንኩርቱን የሸጠ ገበሬ ገንዘቡን የሚያወጣው ቆቦ ካለ ቅርንጫፍ ቢሆንም ሂሳቡ የተቀመጠው አዲስ አበባ ባለ ማዕከል ነው፤ መስመር ሲቋረጥ «ሲስተም የለም» ይባልና ተራውን ይዞ ይጠብቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የነፍሰ ጡሯን ክትትል በታብሌት ትመዘግባለች።

በቴክኖሎጂ አመራር ላይ ሴቶች የት አሉ የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በአዲስ አበባ አዳራሾች ነው፤ የሚመለሰውም የጥቂት ዋና ሥራ አስፈጻሚዎችን ስም በመጥራት። ከሮቢት ሲታይ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። እዚህ ሴቶች ከሲስተሙ ውጭ አይደሉም። እንዲያውም ሴቶች ባይመዘግቡ ኖሮ የአገሪቱ የገጠር ጤና መረጃ ባዶ ይሆን ነበር። የጠፋው ከመመዝገብ ወደ መወሰን የሚያሸጋግረው የመሃል ሥራ ነው። ይህ ዳሰሳ የጥያቄውን አመጣጥ፣ የተከራካሪዎቹን አቋምና ማስረጃ እያየ ወደዚያው መሃል ይመለሳል።

ሦስት ደረጃ፣ ሦስት ቁጥር

የድርጅት ሶፍትዌር ሲባል ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ ማለት አይደለም። የባንክ ዋና የሂሳብ ሲስተም፣ የደመወዝና የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የግዢና የንብረት ቁጥጥር፣ የበጀት አስተዳደር፣ የጤና መረጃ፤ ባጠቃላይ አንድ ተቋም ያለ እሱ በሩን መክፈት የማይችልበት ሥርዓት ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች አሉ። አንደኛው ሲስተሙን መጠቀምና መረጃ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ሲስተሙን መሥራት፣ ለተቋሙ እንዲስማማ ማዋቀር፣ መፈተሽና ሲሰበር መጠገን ነው። ሦስተኛው የትኛው ሲስተም ይገዛ፣ በስንት፣ ከማን፣ እንዴትስ ይተግበር ብሎ መወሰን ነው።

ክርክሩ የሚደበላለቀው ሦስቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። «ሴቶች በቴክኖሎጂ ዘርፍ ብዙ ናቸው» የሚለው ሰው የመጀመሪያውን ደረጃ ቆጥሮ ነው። «የሉም» የሚለው ሁለተኛውን ነው ያየው። «አሁንማ እየመሩ ነው» የሚለው ደግሞ ከሦስተኛው ጥቂት የታወቁ ስሞችን ይዞ ነው። ሦስቱም በየራሳቸው እውነት ይናገራሉ፤ ግን እርስ በርስ አይነጋገሩም።

ሥራው የሴት በነበረበት ዘመን

በዓለም ታሪክ የፕሮግራም ሥራ ሲጀመር የሴት ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየውን ኢኒያክ የተባለ የአሜሪካ ኮምፒውተር ስሌት እንዲሠራ ያዘጋጁት ስድስት ሴቶች ናቸው። ግሬስ ሆፐር በ1952 በምልክት የተጻፈ ትእዛዝን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ሠራች፤ የእርሷ ሥራ መሠረት የሆነለት ኮቦል የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ዛሬም በብዙ አገር ባንኮች ውስጥ ሂሳብ ይሠራል። የድርጅት ሶፍትዌር አያት ማለት እርሱ ነው። በእንግሊዝ ስቴፋኒ ሸርሊ በ1962 ያቋቋመችው ኩባንያ ልጅ ወልደው ከሥራ የወጡ ፕሮግራመሮችን ቤታቸው ሆነው ያሠራ ነበር። ደብዳቤዎቿ መልስ ስላጡ «ስቲቭ» እያለች መፈረም ጀመረች፤ ያኔ መልስ መጣ። በ1975 የጾታ መድልዎን የሚከለክለው ሕግ ሲወጣ ደግሞ ለሴቶች ቅድሚያ ትሰጥ የነበረችው እርሷ ራሷ ወንዶችንም ለመቅጠር ተገደደች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ተመራማሪዎችን የሚያከራክረው። በአሜሪካ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች የሴቶች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ 37 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወርዶ ወርዶ ከ20 በመቶ በታች ገባ። በ2017 የታተመው የማር ሂክስ የእንግሊዝ ጥናት መንግሥት ኮምፒውተር የአስተዳደር መሣሪያ መሆኑን ሲረዳ ሥራውን ከሠለጠኑት ሴቶች ወስዶ ላልሠለጠኑ ወንዶች እንደሰጠ በሰነድ አሳይቷል። ሌሎች ምክንያቱን በ1980ዎቹ ለወንድ ልጆች መጫወቻ ተብሎ በተሸጠው የቤት ኮምፒውተር ላይ ያደርጉታል። የትኛውም ይሁን፣ የሥራው ክብርና ደመወዝ ከፍ ባለ ቁጥር ሴቶች እየወጡ መሄዳቸው ይታያል።

የእኛ አገር መንገድ ከዚህ ይለያል። ኮምፒውተር ወደ ኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው የጽሕፈት በር ነው። የታይፕ ጸሐፊነት ለሴት የተከፈተ ሙያ ስለነበር፣ የታይፕራይተሩ ጠረጴዛ ኮምፒውተር ሲቀመጥበት የቁልፍ ሰሌዳው ከሴቶቹ ጋር ቀረ፤ ዛሬም ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ መንገድ ዳር የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ድረስ እንዲሁ ነው። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ በር ነው፤ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርት ክፍሎች በኩል የመጣው። በዚያ በኩል ሴቶች ጥቂት ነበሩ። ሁለቱ በሮች ወደ አንድ ሕንፃ ቢያስገቡም በውስጥ የሚያገናኝ ኮሪደር አልተሠራላቸውም። በጽሕፈት በር የገባችው ጸሐፊ ሲስተም አስተዳዳሪ የምትሆንበት የሥራ መደብ የለም።

በ1990ዎቹ ዓ.ም ሁለተኛ አጋማሽ የተዘረጋው አይቤክስ የተባለ የበጀትና የወጪ ሲስተም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይካሄድ በነበረ የፋይናንስ ማሻሻያ ፕሮጀክት ሥር እዚሁ አገር ውስጥ ተሠርቶ እስከ ወረዳ ወረደ። በዚያው ዘመን ወረዳኔት የተባለው መረብ በሳተላይት ዲሽ ብዙ መቶ ወረዳዎችን አገናኘ። በኋላ በፌዴራል ደረጃ ኦራክል ላይ የተመሠረተው ኢፍሚስ የተባለ የፋይናንስ ሲስተም መጣ። በነዚህ ሲስተሞች አማካኝነት የድርጅት ሶፍትዌር ከአዲስ አበባ ወጥቶ ራያ ቆቦ ደረሰ። አብሮት የደረሰው ግን የመመዝገብ ሥራው ብቻ ነው።

ስሞቹ ምን ያስረዳሉ?

የታወቁት ስሞች እውነተኛ ናቸው፤ ሊያኮሩም ይገባል። ወ/ሮ ፍሬሕይወት ታምሩ በ2010 ዓ.ም የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ፤ በእርሳቸው ዘመን ግንቦት 2013 ሥራ የጀመረው ቴሌብር የተባለ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በሮቢት ገበያ ሳይቀር ገንዘብ ያዘዋውራል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ወ/ሮ ትዕግስት ሐሚድ በዋና ዳይሬክተርነት ይመራሉ። ሳምራዊት ፍቅሩ ሃይብሪድ ዲዛይንስን አቋቁማ ራይድ የተባለውን የታክሲ መጥሪያ ስትጀምር ዘመናዊ ስልክ የሌለው ደንበኛ በ8294 ደውሎ መኪና እንዲያገኝ አደረገች። ቤተልሔም ደሴ በአይኮግ ላብስ ሕፃናትን ኮድ ያስተማረ ፕሮግራም መራች። በውጭ አገር ዶ/ር ረድኤት አበበ በ2019 እ.ኤ.አ. ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ዶ/ር ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡዎላምዊኒ ጋር በ2018 ባወጣችው ጥናት ከፊት ምስል ጾታን የሚለዩ ሲስተሞች በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚሳሳቱ አሳየች፤ በነጭ ወንዶች ላይ ስህተቱ 1 በመቶ አይሞላም ነበር።

ነገር ግን እነዚህ ስሞች አንድ ዓይነት ነገር አያስረዱም። ሹመት አንድ ነገር ነው፣ የራስን ኩባንያ ማቋቋም ሌላ ነው፣ ምርምር ደግሞ ሌላ። ተሿሚዋ የምትመጣው በመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። መሥራቿ ገበያውን አሸንፋ ነው። ተመራማሪዎቹ የሙያ ሕይወታቸውን የገነቡት በሌላ አገር ተቋማት ነው፤ ለሮቢቷ ተማሪ ምሳሌ እንጂ የቅጥር በር አይሆኗትም።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ብዙም ሲነሳ አይሰማም። የአገራችን ትላልቅ ሲስተሞች በአብዛኛው ተገዝተው የመጡ ናቸው። የቴሌብር መድረክ የሁዋዌ ነው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚሠራበት ቲ24 ቴመኖስ የተባለ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ምርት ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ያለው የሁለተኛ ደረጃ ሥራ በብዛቱ ኮድ መጻፍ ሳይሆን ማዋቀር፣ ከሌላ ሲስተም ጋር ማገናኘት፣ ለውጥ ከመጫኑ በፊት መፈተሽ፣ ከሻጩ ጋር መደራደርና ሠራተኛ ማሠልጠን ነው። የዚህ ሥራ ክብደት መጋቢት 2016 በግልጽ ታየ። በንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተደረገ ማሻሻያ ምክንያት በአንድ ሌሊት ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ አወጡ፤ ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቶበት ሲያስመልስ ሰነበተ። ያ ሌሊት የጠየቀው የኮድ ችሎታን ብቻ አልነበረም፤ የቅርንጫፍ አሠራርን የሚያውቅ፣ «ይህ ለውጥ ሲጫን ኤቲኤሙ ምን ያደርጋል?» ብሎ ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ነበር የሚያስፈልገው። ዓመታት በመስኮት የሠራች የባንክ ሠራተኛ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከማንም በላይ ቅርብ ናት። ሴቶችን ወደ ቴክኖሎጂ እናምጣ የሚለው ዘመቻ ግን ሁልጊዜ ኮድ በማስተማር ይጀምራል፣ በዚያው ያበቃል።

ለምን ጥቂት ሆኑ? አራት አቋሞች

ትምህርት ቤቱ ነው የሚሉት ወገኖች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አሰጣጥ ከተለወጠ በኋላ ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወንድም ሴትም የወደቀበት ፈተና ነው፤ ግን በራያ ቆላ ሴት ልጅ እዚያ እስክትደርስ ሌሎች ፈተናዎች አሉባት። ያለ ዕድሜ ጋብቻው አለ። የዓረብ አገር ጉዞው አለ፤ ራያ ቆቦ ብዙዎች በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፣ ታላቅ እህቷ የላከችው ገንዘብ ቤት ሲያሠራ እያየች አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መጠበቅ ለአንዲት ልጅ ከባድ ውሳኔ ነው። የዚህ አቋም ድክመት ግን የሚያሳየው የመግቢያውን ብቻ መሆኑ ነው። ተምረው የተመረቁት ለምን ወደ ውሳኔ አይደርሱም የሚለውን አይመልስም። ደግሞም የትምህርት ተቋም በቀላሉ ሊለወጥ እንደሚችል የአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አሳይቷል። በኮምፒውተር ሳይንስ የሚገቡ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1995 7 በመቶ ነበሩ፤ ቀድሞ ፕሮግራም መጻፍ የቻለ ብቻ ይግባ የሚለው ልማድ ቀርቶ አቀባበሉም ሲሻሻል በ2000 42 በመቶ ደረሱ። ሴቶቹ አልተለወጡም፤ መግቢያው ነው የተለወጠው።

የሥራ ቦታው ነው የሚሉት ሁለተኛዎቹ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነውን የአሜሪካ ጥናት ይጠቅሳሉ፤ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በቴክኖሎጂ ድርጅቶች ከሠሩ ብቁ ሴቶች 52 በመቶው ሥራውን ጥለው እንደሚወጡ ያሳየ ነው። በእኛ ሁኔታ ይህ አቋም በቅርብ የሚታይ መልክ አለው። የባንክ ሲስተም የቀኑን ሂሳብ የሚዘጋው በሌሊት ነው። አዲስ ሲስተም የሚጫነው ደንበኛ በሌለበት ቅዳሜ ሌሊትና እሑድ ነው። ቡድኑ አብሮ ያመሻል፤ እርስ በርስ የሚማማረውም፣ ለእድገት የሚታጨውም በዚያ ሌሊት የቆየው ነው። ልጅ ያላት፣ ከመሸ በኋላ ታክሲ የማታገኝ፣ ቤተሰቧ «እስከዚህ ሰዓት የት ነበርሽ?» የሚላት ሴት ከዚያ ክበብ በራሷ ጊዜ ትወጣለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፤ የወሊድ ፈቃዱንም 120 ቀን አድርጎታል። ጥበቃው ተገቢ ነው። ግን አንዳንድ አሠሪ ይህን አስቦ ገና ከጅምሩ ወንድ ይመርጥ እንደሆነ የሚለው የሚያከራክር ነጥብ ነው። የእኔ ፍርድ ሕጉን ማላላት መልስ አይሆንም የሚል ነው፤ የሌሊቱ ሥራ በፈረቃ ቢመደብና መጓጓዣ ቢቀርብ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ሦስተኛው አቋም ምርጫ ነው ይላል። ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 የጾታ እኩልነት ከፍ ባለባቸው አገሮች ሴቶች ከሳይንስና ከቴክኖሎጂ ትምህርት እንደሚርቁ አሳየን ብለው ብዙ አነጋገሩ፤ በኋላ ስሌታቸው ተተችቶ እርማት ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ይህን አቋም የሚፈትነው ትልቁ ማስረጃ ግን ማሌዥያ ናት፤ በዚያ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፣ ምክንያቱም ሥራው ከፀሐይና ከአቧራ የራቀ፣ በቢሮ የሚሠራ፣ ለሴት ልጅ የሚመች ተደርጎ ይታያል። ይህ አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ቢሮ ትግባልኝ» የሚል ወላጅ በራያም ሞልቷል። ያንን ምኞት ወደ ጸሐፊነት ብቻ ሳይሆን ወደ ሲስተም ትንተና የሚያዞር ሰው ቢኖር ውጤቱ ምን ይሆን ነበር የሚለው ገና አልተሞከረም።

አራተኛው ከላይ ይጀመር ይላል፤ መሪ ሴት ከተሾመች ከሥር ያሉት ይከተላሉ። ጥቅምት 2011 የፌዴራል ካቢኔው ግማሽ ሴቶች ሲሆኑ የተሰማው ተስፋ ይኸው ነበር። እዚህ ላይ ማስረጃው በግልጽ ለሁለት ይከፈላል። ኖርዌይ በኩባንያ ቦርዶች 40 በመቶ ሴቶች እንዲቀመጡ በሕግ ካስገደደች በኋላ የተደረገው ጥናት፣ ከቦርዱ በታች ላሉት ሴት ሠራተኞች ያን ያህል የተረፈ ነገር አላገኘም። በሕንድ ዌስት ቤንጋል ግን የመንደር ምክር ቤት ሊቀመንበርነት ለሴቶች በተከለለባቸው መንደሮች፣ ወላጆች ለሴት ልጆቻቸው የሚመኙት ከፍ አለ፤ ልጃገረዶቹም በትምህርት ከወንዶች እኩል ደረሱ። ልዩነቱ ከየት መጣ? የኦስሎ የቦርድ አባል ከታች ላለችው ሠራተኛ አትታይም፤ የመንደሩ ሊቀመንበር ግን በየቀኑ ትታያለች፣ ትጠየቃለች፣ ስትወስንም ትሰማለች። በዚህ መለኪያ የቴሌኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለሮቢት ልጅ ከየትኛው ወገን ነው የምትቆጠረው? በቴሌቪዥን ትታያለች። ይህ የሚበቃ አይመስለኝም።

ታብሌቷን የያዘችው ሴት

በየቀኑ የምትታየው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለ5 ሺህ ያህል ሕዝብ ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። መጀመሪያ ሁሉንም በቤተሰብ ማኅደር በወረቀት ይመዘግቡ ነበር። ከዚያ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ኤሌክትሮኒክ ሲስተም መጣ። ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትሄድ ቤተሰቡን ትከፍታለች፣ የነፍሰ ጡሯን ቀጠሮ፣ የሕፃኑን ክትባት ታስገባለች፤ ኔትወርክ ከሌለ መረጃው ታብሌቱ ላይ ይቆይና ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ ወደ ማዕከል ይተላለፋል። አንድ ቤተሰብ ከሰፈር ሲለቅ፣ ባል ዓረብ አገር ሄዶ የቤቱ አባወራ ሲለወጥ፣ ሁለት ሴቶች በአንድ ስም ሲመጡ ቅጹ የት ላይ እንደሚያደናግር የምታውቀው እርሷ ናት። በሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ይህን እውቀት ይዞ ከሠሪዎቹ ጋር የሚቀመጥ ሰው ባለሙያ ተብሎ ደህና ደመወዝ ይከፈለዋል።

የእርሷ የሙያ እድገት ግን በጤና መስመር ብቻ ነው የተቀየሰው። ከደረጃ ወደ ደረጃ ብትማርም የምትወጣው ወደ ላቀ የጤና አገልግሎት ነው፤ ወደ መረጃ ሲስተም የሚወስዳት መንገድ የለም። የሥራ መደብ ምዘናው ሁለቱን ሙያዎች አያገናኛቸውም። አገሪቱ የድርጅት ሶፍትዌርን በደንብ የሚያውቁ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች አሏት፤ በቴክኖሎጂ ዘርፍ ያሉ ሴቶች ሲቆጠሩ ግን እነርሱ አይቆጠሩም። ይህ ከሁሉ በላይ ሊያንገበግበን የሚገባ ብክነት ነው።

ቦታ የሚባለው ነገር

በጥናቶቹ ውስጥ ትንሽ ስፍራ የተሰጠው ጉዳይ ቦታ ነው። ሙያው አዲስ አበባ ላይ ተከማችቷል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም ተከፍቷል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ተቋም አለው። ተመራቂዋ ግን ሥራ ለማግኘት አዲስ አበባ መሄድ አለባት፤ ቤት መከራየት፣ ዘመድ መፈለግ፣ ብቻዋን መኖር። ለወንድ ልጅ ይህ እንጀራ ፍለጋ ይባላል፤ ለሴት ልጅ የቤተሰብ ጉባኤ የሚጠራበት ጉዳይ ነው።

በርቀት መሥራት መልሱ ነው የሚሉ አሉ። ሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራምም በኦንላይን የሚሰጥ ነው። ለአዳማ ወይም ለሐዋሳ ይህ ያስኬድ ይሆናል። ቆቦና አካባቢው ግን ከ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ሁለቴ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረ፤ በመጀመሪያው ዙር መብራትም ስልክም ለወራት ጠፋ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፈ። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በርቀት ለሚሠራ ሰው ያ ማለት ከሥራ መባረር ነው። ከጦርነቱ በፊትም ክፍተቱ ሰፊ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሞባይል ያላቸው ሴቶች 27 በመቶ፣ ወንዶች 55 በመቶ ነበሩ። አንድ ስልክ ባለበት ቤት ኮርሱን የሚከታተለው ማን እንደሚሆን አያጠያይቅም።

ያልተቋጩት

አሁን ያለው ትልቁ ክርክር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያመጣው ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት ለመተካት ከሁሉ የተጋለጠው የቢሮ ጽሕፈትና መዝገብ ሥራ ነው፤ በዓለም ደረጃ በዚህ አደጋ ውስጥ ያለው የሴቶች ሥራ 3.7 በመቶ፣ የወንዶች 1.4 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። በድሃ አገሮች ተጋላጭነቱ ገና ዝቅተኛ ነው። ቢሆንም አቅጣጫው ይታወቃል፦ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ስምና አድራሻን በራሱ ሲሞላ፣ ቴሌብር ክፍያውን በራሱ ሲመዘግብ፣ የሚቀንሰው ሴቶች የያዙት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። አንዳንዶች ይህ ሴቶቹን ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይገፋቸዋል ይላሉ፤ ሌሎች ከሁለቱም ያስወጣቸዋል ይላሉ። መልሱ የሚወሰነው ምዝገባው ከመቅረቱ በፊት የመሃሉ ሥራ መደብ ተከፍቶ እንደሆነ ነው፤ ያም የቴክኖሎጂ ጉዳይ ሳይሆን የሲቪል ሰርቪስ የሥራ ምዘናና የበጀት ጉዳይ ነው።

የቆጠራው ጉዳይም አለ። የሥልጠና ፕሮግራሞች የሚያስታውቁት የምስክር ወረቀት ብዛት ነው። ከሠለጠኑት ሴቶች ስንቶቹ ከወረዳ ናቸው፣ ስንቶቹ ከሁለት ዓመት በኋላ በሙያው አሉ፣ ስንቶቹስ የሲስተሙ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በእጃቸው ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ በአንድ ቀን ውስጥ በስልክ ማጣራት ይቻላል። በሰሜን ወሎ የየወረዳው ፋይናንስ፣ ጤናና ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢጠየቅ፣ ከመዝጋቢዎቹ የሴቶቹ ቁጥር በአንድ ዓምድ፣ ከአስተዳዳሪዎቹ የሴቶቹ ቁጥር በሌላው ዓምድ ይቀመጣል። አራቱ አቋሞች እርስ በርስ ሊፈታተኑ የሚችሉት በነዚያ ሁለት ዓምዶች ላይ ነው።